ለኅትመት የሚቀርብ የቃል ትረካ መመዘኛ

ማንም መሥሪያ ቤት የማይቆጣጠረው መጽሔት በኢንተርኔት ሲወጣ፥ ተረትና ምሳሌ፥ የልማድም ታሪክ ከየስፍራው ይላክለታል። አዘጋጁ ግን ተራኪውን አያውቀውም፤ ስለዚህ የጽሑፉ ታማኝነት የሚጠበቀው አስቀድሞ በተወሰነ ደንብ ነው።

ለዚህ ነገር ከ1935 እስከ 1970 እ.ኤ.አ. የሠራው የአየርላንድ የፎክሎር ኮሚሲዮን ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ሰብሳቢዎቹ የባላገሩን ድምፅ ኤዲፎን በሚባል መሣሪያ በሰም ላይ ይቀዱ ነበር። ቃሉን ሳያርሙና ሳያሳምሩ ወደ ጽሑፍ እንዲገለብጡ፥ የተራኪውንም ስም፥ ዕድሜና መኖሪያ፥ ታሪኩንም ከማን እንደ ሰማው እንዲመዘግቡ ታዝዘው ነበር። ሰሙም ከተገለበጠ በኋላ ተፍቆ እንደገና ይሠራበት ስለ ነበር፥ አብዛኛው ድምፅ ጠፍቶ የቀረው ወረቀቱ ነው። ይህ ጥንቃቄ ባይኖር ኖሮ ሰሙ ሲፋቅ ማስረጃውም አብሮ በተፋቀ ነበር።

እንግዲህ መመዘኛው ከአጻጻፍ ውበት ይልቅ ማስረጃን ማስቀደም ይገባዋል፤ ይኸውም፦

1ኛ/ የተራኪው ቃል በራሱ ቋንቋ፥ ከትርጓሜው ጋራ ይቅረብ፤
2ኛ/ የተነገረበት ቦታና ቀን፥ የተራኪውም ማንነት ይመዝገብ፤
3ኛ/ የሰብሳቢው አስተያየት ከተራኪው ቃል ተለይቶ ይጻፍ፤
4ኛ/ ተራኪው ለኅትመት መፍቀዱ ይረጋገጥ፤ ስሙ እንዳይገለጥ ቢሻም በአዘጋጁ ዘንድ ብቻ ተጠብቆ ይቆይ።

ለዛ የጐደለውን ጽሑፍ አዘጋጁ ሊያቃናው ይችላል፤ ምንጩ ያልተመዘገበውን ግን ተራኪው ከሞተ በኋላ ማንም ሊያረጋግጠው አይችልም።