መንገድ የነበረ ፏፏቴ

በአሜሪካ የኦሪገንና የዋሽንግተን ግዛቶች ወሰን በሆነው የኮሎምቢያ ወንዝ ላይ የሴሊሎን ፏፏቴ አያለሁ ብሎ የሚሄድ ጎብኚ ዛሬ የሚያገኘው ሰፊና ዝም ያለ ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 1957 የዘ ዳልስ ግድብ በሮች ሲዘጉ ፏፏቴው በሰዓታት ውስጥ ሰጠመ። ከዚያ በፊት ያካማን፣ ኡማቲላንና ዋርም ስፕሪንግስን የመሳሰሉ ሕዝቦች ከገደሉ ጫፍ በተተከሉ የእንጨት መቆሚያዎች ላይ ሆነው፣ እጀታው ረጅም በሆነ መረብ ለሺህ ዓመታት ሳልሞን አስግረውበታል። ነገሩን ላይ ላዩን ያየ፣ ፏፏቴው ዓሣውን የሚያግድ እንቅፋት፣ የረጋው ውሃ ደግሞ የተደላደለ ጎዳና ይመስለዋል። የዓሣው ተፈጥሮ የሚነግረን ግን ተቃራኒውን ነው።

ሳልሞን ዕንቁላሉን ለመጣል ከባሕር ወደ ወንዝ ከገባ በኋላ መብላት ያቆማል፤ ጉዞውን የሚጨርሰው ባጠራቀመው ስብ ነው። 2 ሜትር ሽቅብ ለመዝለል ከውሃው ሲወጣ ፍጥነቱ በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ያህል መሆን አለበት። ስለዚህ ከመዝለሉ በፊት ከፏፏቴው ግርጌ፣ ውሃው በሚዞርባቸው ጥጋጥጎች ያርፋል፤ ከዚያም ጠበብ ባሉት መተላለፊያዎች ይሞክራል። መረቡ የሚጠብቀው እዚያ ነው። የጸደይ ሙላት ሲመጣ ደግሞ የፏፏቴው ከፍታ ስለሚቀንስ ብዙው ዓሣ ያልፋል። ሴሊሎ ለአስጋሪውም ለዓሣውም የሚበቃ ድርሻ ነበረው።

«ግድቡስ የዓሣ መሰላል ተሠርቶለት የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ትልልቆቹ ዓሦች ደረጃ በደረጃ በተሠራው የውሃ መተላለፊያ ይወጣሉ። የሳልሞን ሕይወት ግን ደርሶ መልስ ነው። ጫጩቶቹ ወደ ባሕር የሚወርዱት በወንዙ ፍሰት እየተገፉ ነው፤ በተኛ ውሃ ውስጥ ጉዞው ይረዝማል፣ ለአዳኝ ዓሦች ይጋለጣሉ፣ ከፊሎቹም በተርባይን ውስጥ ያልፋሉ። ግድቡ ኤሌክትሪክና የመርከብ መንገድ ማስገኘቱ፣ ለሕዝቦቹም 27 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ካሳ መከፈሉ አይካድም። ሆኖም ከአሜሪካ መንግሥት ጋር እ.ኤ.አ. በ1855 በተፈራረሟቸው ስምምነቶች የተጠበቀላቸው በለመዱት ቦታ የማስገር መብት ነበር፤ ገንዘብ ደግሞ ቦታ አይተካም። እንግዲህ የወንዝ ጤንነት የሚለካው መሰላሉን በወጡት ዓሦች ቁጥር ብቻ ከሆነ ስሌቱ ግማሽ ነው፤ በደኅና ወርደው ባሕር የሚደርሱት ጫጩቶችም መቆጠር አለባቸው።