የአጣዬ ዝናብ ከላይ በረዶ ነው

ጥር ላይ አጣዬ ማሽላው ታጭዶ ተወቅቷል፤ ቀኑ ደረቅ፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ያለ ነው። በዚያው ሰሞን ከአሜሪካ፣ ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ወይም ከሲልቨር ስፕሪንግ የሚደወል ስልክ ሌላ ወሬ ይዞ ይመጣል። ማዕበል እየመጣ ነው፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ሱቁ ውስጥ ዳቦና ወተት አልቋል። ትንበያው ደግሞ መጀመሪያ እዚያ ያሉ ወገኖቻችን "ስኖው" የሚሉት ብን ያለ በረዶ፣ ቀጥሎ ደቃቅ የበረዶ ጠጠር፣ ሊነጋጋ ሲል ደግሞ ያረፈበትን ሁሉ በበረዶ የሚለብጥ ዝናብ ይወርዳል ይላል። "በአንድ ሌሊት ሦስቱም?" ብለው የሚጠይቁ እናት የጠየቁት ተገቢ ጥያቄ ነው። ከአንድ ደመና፣ በአንድ ሰፈር ላይ፣ እንዴት ሦስት ዓይነት ነገር ይወርዳል?

የሚወርደውን የሚወስነው ደመናው ብቻ አይደለም። ትልቁ ጉዳይ ከደመናው እስከ መሬት ያለው አየር በየንብብሩ ስንት ዲግሪ ነው የሚለው ነው። ይህን ለመረዳት አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ አጣዬ ያለችበት ይፋት ራሷ ጥሩ ማስተማሪያ ናት።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ አጣዬ፣ ካራቆሬና ሸዋ ሮቢት ላይ ዶፍ ሆኖ የሚወርደው ዝናብ አብዛኛው ጉዞውን ሲጀምር በረዶ ነበር። በእኛ ኬክሮስ አየሩ ዜሮ ዲግሪ የሚደርሰው ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,500 እስከ 5,000 ሜትር አካባቢ ነው። የዝናብ ደመና አናት ግን ከ10 ሺህ ሜትር በላይ ይወጣል። በዚያ ቅዝቃዜ ውስጥ ያለው ውሃ ሁሉ በረዶ ሆኗል ብለን ልናስብ እንችላለን፤ እንዲያ አይደለም። በጣም ጥቃቅን የሆነ ንጹሕ የውሃ ጠብታ ዜሮ ላይ አይረጋም። መነሻ የሚሆነው ቅንጣት ይፈልጋል፤ የአፈር ብናኝ ወይም ሌላ ተስማሚ ደቃቅ ነገር። ያን ካላገኘ ከዜሮ በታች እስከ 38 ዲግሪ ገደማ ድረስ ፈሳሽ እንደሆነ ሊቆይ ይችላል። ይህን ነገር ልብ እንበል፤ በኋላ ቨርጂኒያ ላይ ዛፍ የሚሰብረው ይኸው ውሃ ነው።

በእነዚህ ቀዝቃዛ ጠብታዎች መካከል አንዲት የበረዶ ቅንጣት ስትፈጠር ነገሩ ይለወጣል። ለውሃ "ጠገበ" የሚባል እርጥብ አየር ለበረዶ ከጥጋብ ያለፈ ነው። ስለዚህ እንፋሎቱ ከጠብታዎቹ እየለቀቀ ቅንጣቷ ላይ ይለጠፋል፤ እሷ ታድጋለች፣ ጠብታዎቹ ይመነምናሉ። በ1930ዎቹ ይህን ሐሳብ አደርጅቶ ያቀረበው ስዊድናዊው የአየር ጠባይ ሊቅ ቶር ቤርየሮን ነው። ቅንጣቷ ባለ ስድስት ማዕዘን የምትሆነውም የውሃ ሞለኪውሎች በረዶ ውስጥ ሲያያዙ ስድስት ስድስት እየሆኑ ቀለበት ስለሚሠሩ ነው። አድጋ ስትከብድ በሰከንድ አንድ ሜትር ያህል እየተንሳፈፈች ትወርዳለች። የዜሮውን መስመር አልፋ ጥቂት መቶ ሜትር እንደተጓዘች ትቀልጣለች። አጣዬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናትና ከመስመሩ በታች 3 ሺህ ሜትር ያህል ሞቃት አየር አለ። በዚያ ውስጥ አልፎ መሬት የሚደርስ ስኖው የለም።

በዚያው ዓይነት ደመና ሥር የቆሙ የሰሜን ተራሮች ግን ሌላ ናቸው። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ስለሆነ አናቱ ዜሮው መስመር አጠገብ ይደርሳል፤ ብርዱ ሲበረታ በረዶው ሳይቀልጥ ያርፍበታል። ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለው ግሪክኛ ጸሐፊ አዱሊስ ላይ የገለበጠው የአንድ አክሱማዊ ንጉሥ ጽሑፍ ሰሜንን ሲያነሣ ውርጭና በረዶ የማይለየው፣ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት አገር እንደሆነ ይናገራል።

አጣዬ የሚደርሰው በረዶ ሌላ ዓይነት ነው፤ ጠንካራው፣ ቆርቆሮውን የሚያንኳኳው። የይፋት መሬት ለዚህ የተመቻቸ ነው። በበልግ ከዓረብ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ከምሥራቅ ገብቶ የሸዋ ደጋን ገደል ሲያገኝ ወደ ላይ ከመውጣት ሌላ መንገድ የለውም። ቀኑን ሙሉ በፀሐይ የጋለው ቆላ ከሥር ይገፋዋል። ከሰዓት በኋላ የሚጠቁረው ደመና ውስጥ ወደ ላይ የሚነፍሰው አየር የበረዶውን ፍሬ ቶሎ እንዳይወድቅ ደግፎ ይይዘዋል፤ ፍሬውም እነዚያን ቀዝቃዛ ጠብታዎች እየሰበሰበ ይወፍራል። ልጆች በረዶ በጣለ ቁጥር ለቅመው ይበሉታል። ከመቅለጡ በፊት ተለቅ ያለውን በቢላ ለሁለት የከፈለ ሰው እንደ ሽንኩርት የተደራረበ ነገር ያገኛል፤ አንዱ ንብብር ጥርት ያለ፣ ቀጣዩ ነጭ። ጥርት ያለው ውሃው ፍሬው ላይ ተንጣሎ ቀስ ብሎ የረጋበት ነው። ነጩ ጠብታዎቹ እንደነኩት በቅጽበት ስለረጉ ውስጣቸው የአየር አረፋ የቀረበት ነው። ፍሬው ደመናው ውስጥ ያለፈበት የቅዝቃዜና የእርጥበት ታሪክ በሙሉ እዚያ ተጽፏል።

አንድ ሳንቲ ሜትር የሚሆን ፍሬ በሰከንድ 10 ሜትር ያህል ይወርዳል። ከዜሮው መስመር እስከ አጣዬ ያለውን 3 ሺህ ሜትር በአምስት ደቂቃ ይጨርሳል፤ እየቀለጠ ቢሆንም ተርፎ ይደርሳል። ደቃቁ ግን መንገድ ላይ ውሃ ሆኖ ይቀራል። ከጣርማ በር ወርዶ በደብረ ሲና አድርጎ ሸዋ ሮቢት የሚገባ ተሳፋሪ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 1,300 ሜትር አካባቢ ይወርዳል። በየ1,000 ሜትሩም ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይጨምርለታል። ያው ደመና ጣርማ በር ላይ በረዶ ጥሎ ሸዋ ሮቢት ላይ ትልልቅ የዝናብ ጠብታ ብቻ የሚያወርደው በዚህ ምክንያት ነው። ደጋው ከቆላው ይልቅ በበረዶ የሚመታው ደመናው ስለሚለይ ሳይሆን የሚያቀልጠው አየር አጭር ስለሆነበት ነው።

አሁን ወደ ቨርጂኒያ እንመለስ፤ መልክዓ ምድሩ ከይፋት ጋር የሚያመሳስለው ነገር አለው። አሌክሳንድሪያና ዙሪያዋ ከአፓላቺያን ተራሮች በስተምሥራቅ ናቸው፣ ይፋት ከሸዋ ደጋ በስተምሥራቅ እንደሆነች ሁሉ። እርጥበቱም አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር በኩል ይመጣል። ልዩነቱ ከካናዳ የሚወርደው ከባድ ቀዝቃዛ አየር ነው። ተራራው ስለሚያግደው ግርጌው ላይ ይተኛል፤ ጥልቀቱ አንዳንዴ ከጥቂት መቶ ሜትር አይበልጥም። ከአትላንቲክ የሚመጣው ሞቃት አየር ቀላል ስለሆነ ይህን ቀዝቃዛ አየር ገፍቶ ማስወጣት ያቅተውና በላዩ ላይ ይወጣል። እንግዲህ ከላይ በረዶ ያለበት ደመና፣ መሃል ከዜሮ በላይ የሆነ ሞቃት ንብብር፣ መሬት አጠገብ ከዜሮ በታች የሆነ አየር ተደራረበ ማለት ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ይቀዘቅዛል የሚለው የለመድነው ሥርዓት መሃል ላይ ተገለበጠ።

ማዕበሉ ሲጀምር ሞቃቱ ንብብር ገና አልደረሰም፤ የሚወርደው ስኖው ነው። ሞቃቱ አየር በስሱ ሲገባ ቅንጣቱ ግማሽ ግማሹን ይቀልጥና ከታች ባለው ጠለቅ ያለ ብርድ እንደገና ይረጋል፤ ይህ ጠጠሩ ነው። ሞቃቱ ሲወፍር፣ ከታች ያለው ብርድም ሲሳሳ፣ ቅንጣቱ ሙሉ በሙሉ ዝናብ ይሆናል። መልሶ ለመርጋት ግን ጊዜ አያገኝም። ከዜሮ በታች የሆነ ፈሳሽ ሆኖ ይደርስና የነካውን ቅርንጫፍ፣ ሽቦ፣ አስፋልት እዚያው ይለብጠዋል። ለእኚያ እናት ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፤ አንዱ ደመና ሳይለወጥ ከሥሩ ያለው አየር በሰዓታት ውስጥ ይለዋወጣል። የሁለት ዲግሪ ስሕተት ትንበያውን ከስኖው ወደ ዝናብ ሊያዞረው ይችላል። በዓለም ዙሪያ ጣቢያዎች መለኪያ የታሰረበት ፊኛ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በእኛ አቆጣጠር ቀን 9 ሰዓትና ሌሊት 9 ሰዓት አካባቢ ወደ ሰማይ የሚለቁትም እነዚህን ንብብሮች ለማወቅ ነው።

ከሦስቱ አስከፊው የመጨረሻው ነው። ሁለት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የመብራት ሽቦ ዙሪያውን በሦስት ሳንቲ ሜትር በረዶ ቢለበጥ በየሜትሩ ከ4 ኪሎ በላይ ይጨምራል። በሁለት ምሰሶዎች መካከል 100 ሜትር ቢኖር ከ4 ኩንታል የማያንስ ተጨማሪ ሸክም ተንጠለጠለበት ማለት ነው። በጥር 1998 እ.ኤ.አ. ኩቤክና ኦንታሪዮ ላይ ለቀናት የወረደው ይህ ዝናብ ግዙፎቹን የብረት ምሰሶዎች አጣጥፎ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ በብርድ ወቅት ያለ መብራት አስቀርቷል። በታኅሣሥ 2013 እ.ኤ.አ. ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ቶሮንቶ ተመታች፤ 300 ሺህ ያህል የኤሌክትሪክ ደንበኞች የፈረንጆች ገና በሚከበርበት ሰሞን ጨለማ ውስጥ ወደቁ። መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ውሃ የሚረጋበትን ዲግሪ ዝቅ ያደርገዋል፤ ብርዱ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪን ሲያልፍ ግን ጉልበቱ ይደክማል።

የተገለበጠው አየር እኛም ዘንድ አለ፤ ይህ ብዙ ጊዜ አይነገርም። ከኅዳር እስከ ጥር ደብረ ብርሃንና መንዝ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ሲቆም መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል፤ የሚመልስለት ደመና የለም። መሬት የነካው አየር ቀዝቅዞ ይከብድና እንደ ውሃ ወደ ረባዳው ይወርዳል። ለዚህ ነው ውርጭ ሲመታ ተዳፋቱ ላይ ያለው ባቄላ ተርፎ ረባዳው ላይ ያለው የሚጠቁረው። ታች ብርድ፣ በላዩ ሞቅ ያለ አየር፤ ቨርጂኒያ ላይ ያየነው ዓይነት አቀማመጥ ነው። ዝናብ ግን የለም። ደመና ቢመጣ ደግሞ መሬቱን እንደ ክዳን ሸፍኖ ውርጩን ያስቀረዋል። ብርዱንና ዝናቡን የሚያገናኝ ሌሊት ስለሌለን ያ የሚለብጥ ዝናብ ለእኛ እንግዳ ሆኖ ቀረ።

ውርጩ ግን እንግዳ አይደለምና ትንበያ ለሚሰማ የደጋ ገበሬ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅመዋል። የአየር ሙቀት የሚለካው ከመሬት ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ፣ በጥላ ሳጥን ውስጥ ነው። ጥርት ባለ ሌሊት የሣሩና የቅጠሉ ሙቀት ከዚያ በሦስትና በአራት ዲግሪ ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ "ሌሊቱ 3 ዲግሪ" ሲባል ማሳው ላይ ውርጭ ሊኖር ይችላል። ውሃ ያለው ሰው ቀን ላይ ማሳውን ቢያጠጣ ይረዳዋል፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይበልጥ ሙቀት አቁሮ ሌሊት ይለቃል።

ቆላ ያለው የሸዋ ሮቢት ማሾና ሽንኩርት አምራች የሚፈራው ጠንካራውን በረዶ ነው። እሱን መተንበይ ይከብዳል። በረዶ የሚጥል አንድ ደመና ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይቆይም፤ የሚመታውም ጠባብ መስመር ነው፣ የአንዱን ማሳ አጥፍቶ የጎረቤቱን ይተዋል። የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የዐሥር ቀን ትንበያ ለአካባቢው ስለ እርጥበት ይናገራል እንጂ ማሳ ለይቶ ሊጠራ አይችልም። በደቂቃዎች ልዩነት ማስጠንቀቅ የሚችለው ራዳር ነው።

የዓለም ሙቀት ሲጨምር የዜሮው መስመር ወደ ላይ ከፍ ይላል። ያን ጊዜ ደቃቁ በረዶ ቆላ ሳይደርስ የሚቀልጥበት ቀን ይበዛል። በሌላ በኩል ሞቃት አየር ብዙ እርጥበት ስለሚሸከም ደመናው ውስጥ ወደ ላይ የሚነፍሰው አየር ይበረታል፤ ትልልቁ ፍሬ ለማደግ ይመቸዋል። ተመራማሪዎች በብዙ የዓለም ክፍል የሚጠብቁት በረዶ የሚጥልባቸው ቀናት እያነሱ፣ በሚጥልበት ቀን ግን ፍሬው እየተለቀ እንዲሄድ ነው። ደቃቁ የማሽላውን ቅጠል ይተለትላል፤ ትልቁ አገዳውን ይሰብራል። ስለዚህ በየቀበሌው ያሉ የግብርና ባለሙያዎች በረዶ ሲጥል ቀኑንና የተጎዳውን ሄክታር ብቻ ሳይሆን የፍሬውን ስፋትም ቢመዘግቡ መልካም ነው፤ ለዚህ አንድ ማስመሪያና አንድ ደብተር ይበቃል።