አዲሷ መኪና ብዙ ባትነዳም ቀኗ ይቆጠራል

ልጆች ተሰባስበው ለወላጆቻቸው መኪና መግዛታቸው እየተለመደ መጥቷል። ውጭ ሀገር ያለው ይልካል፣ እዚህ ያለው ይጨምርበታል፣ ጡረተኛው አባትም ያጠራቀሙትን ያወጣሉ። መኪናዋ ግቢ ስትገባ ቡና ይፈላል፣ ይመረቃል። ከቁልፉ ጋር የተሰጠችውን የሰርቪስ ደብተር ግን ልብ የሚላት የለም። ከሊብሬው ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ ገብታ እዚያው ትቀራለች።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በጤና ጣቢያ ነው፤ መካኒክ አይደለሁም። ያቺን ደብተር ሳይ ግን የሕፃናት የክትባት ካርድ ትዝ ይለኛል። እናት «ልጄ ደህና ነው፣ አልታመመም» ብላ የዘጠነኛ ወር ክትባቱን አታስቀርም። ሰርቪስም የሚደረገው መኪና እንዳይበላሽ ነው እንጂ ስለተበላሸ አይደለም። ካርዱ ላይ ያልሰፈረ ክትባት እንዳልተሰጠ እንደሚቆጠር ሁሉ፣ ማኅተምና ደረሰኝ የሌለው ሰርቪስም ዋስትና በሚጠየቅበት ቀን እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው

የሰርቪስ ደብተሮች ብዙውን ጊዜ ሁለት ቁጥር ይጽፋሉ፤ አንዱ ኪሎ ሜትር፣ ሌላው ጊዜ። ለምሳሌ «በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ወይም በየ12 ወሩ፣ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው» ይላሉ። አንዳንዶቹ 5,000 ኪሎ ሜትር ወይም 6 ወር ይላሉ። እኛን አረጋውያንን ይበልጥ የሚመለከተን ጊዜው ነው፤ ብዙ አንነዳምና።

በሰፈራችን ያሉ አንድ ጡረተኛ መምህር መኪናቸውን የሚያወጧት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለመሳም፣ አልፎ አልፎም ለለቅሶ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ 6,000 ኪሎ ሜትር አልሞላችም። «10,000 ሲሞላ እወስዳታለሁ» እያሉ ቆዩ። የውሃ ፓምፑ ሲበላሽ ዋስትናው ገና አላለቀም ነበር። ሻጩ ግን ደብተሩን ገልጦ የአንደኛው ዓመት ሰርቪስ እንዳልተደረገ አሳያቸውና ወጪው በእሳቸው ላይ ወደቀ። ዓመቱ ቀድሞ መድረሱን ማንም አልነገራቸውም ነበር።

ጊዜው የሚቆጠረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሞተር ሳይሞቅ ለአጭር መንገድ ብቻ ሲነዳ፣ ዘይቱ ውስጥ የሚገባው እርጥበትና ነዳጅ ሳይተን ይቀራል። የፍሬን ዘይት ደግሞ መኪናዋ ቆማ እንኳ ከአየር ላይ ውሃ ይስባል፤ ስለዚህ ብዙ አምራቾች በየ2 ዓመቱ እንዲቀየር ያዝዛሉ። ውሃ የገባበት የፍሬን ዘይት ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላና ፍሬን እምቢ ሊል ይችላል። የልጅ ልጆቻችሁን ከኋላ ጭናችሁ የእንጦጦን ቁልቁለት ስትወርዱ ነገሩ ከገንዘብ በላይ ነው።

አቧራ፣ ዳገትና መጨናነቅ የበዛበት መንዳት በብዙ ደብተሮች «ከባድ ሁኔታ» ተብሎ ለብቻው ይጻፋል፤ የሰርቪሱ ጊዜም ያጥራል። የአዲስ አበባ መንገድ ሦስቱንም ያሟላልና ያንን ገጽ ፈልጉት።

ኤሌክትሪክ መኪናስ?

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ አዲስ የሚገዛው በአብዛኛው ኤሌክትሪክ ነው። «ዘይት የለውም፣ ሰርቪስ አይፈልግም» ሲባል እሰማለሁ። የሞተር ዘይትና ካንዴላ የሌለው እውነት ነው። ነገር ግን የፍሬን ዘይት፣ የባትሪው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ የአየር ማጣሪያ፣ ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪና ጎማ አለው። ክብደቱም ከፍ ስለሚል ጎማው ቶሎ ሊያልቅ ይችላል።

የትልቁ ባትሪ ዋስትና ብዙውን ጊዜ ከመኪናው ዋስትና ተለይቶ ይጻፋል። በርካታ አምራቾች 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ይሰጣሉ። ይህ ግን የሚሠራው ዋስትናውን እዚህ የሚያከብር አካል ካለ ነው። ለሌላ ሀገር ገበያ ተሠርታ በነጋዴ በኩል የገባች መኪና የአምራቹ ዋስትና ላይከተላት ይችላል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት «ዋስትናውን የሚሰጠው አምራቹ ነው፣ አስመጪው ነው ወይስ ሱቁ? ጥገናው የት ይደረጋል? መለዋወጫው አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በማኅተም በጽሑፍ ተቀበሉ። በቃል የተሰጠ ዋስትና ሻጩ ሱቁን ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል።

ዋስትናን የሚያሳጡ ነገሮች

ውጭ ሀገር ያሉ ልጆች «የትም ጋራዥ ብታሠሩት መብታችሁ ነው» ይላሉ። አሜሪካ ላሉት ልክ ነው፤ በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ፣ ባለመኪናው ሌላ ጋራዥ ስላሠራ ብቻ ዋስትናው እንዳይሰረዝ ይከለክላል። እዚህ ላለችው መኪና ግን መጀመሪያ የሚታየው የፈረማችሁት ውል ነው። ውሉ የተፈቀደለት ጋራዥ ብቻ ካለ፣ የሰፈሩ መካኒክ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን የዋስትናው ዘመን እስኪያልቅ ይታገሡ። ከሶማሌ ተራ የተገዛ ርካሽ ፊልትሮም እንዲሁ ክርክር ያስነሳል።

ሁለተኛው፣ ገመድ እየቆረጡ አላርም፣ ጂፒኤስ ወይም ተጨማሪ መብራት ማስገጠም ነው፤ በተለይ በኤሌክትሪክ መኪና። ሦስተኛው፣ ለቤት ተብሎ የተገዛውን መኪና ልጅ የራይድ ሥራ ሲጀምርበት ነው። ብዙ ዋስትናዎች የንግድ አገልግሎትን አይሸፍኑም ወይም ዘመኑን ያሳጥሩታል። ልጁ እንጀራውን ቢያገኝበት ደስ ይላል፤ ቤተሰቡ ግን አስቀድሞ ውሉን አንብቦ ይወስን።

የዓመቱን ምርመራ አልፎ ቦሎ መለጠፍም ሰርቪስ አይደለም። ጎማ፣ የፍሬን ሸራና የዝናብ መጥረጊያም በአገልግሎት የሚያልቁ ስለሆኑ አብዛኛው ዋስትና አይሸፍናቸውም።

የዘመን አቆጣጠር ወጥመድ

ወረቀቱ ላይ «እስከ 2028» ተብሎ ብታዩ በማን አቆጣጠር እንደሆነ አጣሩ። በፈረንጅ ከሆነ በእኛ 2020 ወይም 2021 ነው፤ ሰባት ስምንት ዓመት አለኝ ያለ ሰው ይታለላል። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀይራችሁ ከሽፋኑ ላይ ጻፉት።

ሻጩ ዋስትናውን አላከብርም ካለ ከማኩረፍ ይልቅ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለገዢም መብት ሰጥቷል። ነገር ግን ደረሰኝ ያልያዘ ሰው አቤቱታው ይከብደዋል።

በዚህ ሳምንት ደብተሯን ከቁም ሣጥን አውጧት። የርክክቡን ቀንና የሚቀጥለውን ሰርቪስ ቀን በትልቁ ጽፋችሁ ከቀን መቁጠሪያው አጠገብ ስቀሉ። ደረሰኞቹን በአንድ ፖስታ ሰብስቡ፣ በስልክም ፎቶ አንስታችሁ ለልጆቻችሁ ላኩ። ቀኑ ሲደርስ ቆጣሪው 3,000 ላይ ቢሆንም ውሰዷት።