«ማፒንግ 8»፦ ምክር ወይስ ትእዛዝ?

ከሰቆጣ ወደ ኮረም በሞተር ሳይክል ተጉዘው ከሆነ፣ ጠመዝማዛው ላይ ዓይንን ከመንገድ ማንሳት ምን እንደሚያስከትል ያውቃሉ። እስቲ ፍጥነቱን በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ያድርጉትና ዳሽቦርድዎ ላይ ጽሑፍ ብልጭ ይበል። ያነቡታል?

ጥቅምት 19 ቀን 2010 በማሌዥያው ሴፓንግ የሞቶጂፒ ውድድር የሆነው ይህ ነው። በዝናብ ውስጥ የዱካቲው ሆርሄ ሎሬንዞ ይመራል። የሚከተለው የቡድን ጓደኛው አንድሬያ ዶቪዚዮሶ ነው፤ ለዋንጫው ከማርክ ማርኬዝ ጋር የሚፎካከረውም እሱ። በዚህ መሃል ሎሬንዞ ዳሽቦርድ ላይ «የሚመከር ማፒንግ፦ ማፒንግ 8» የሚል መልእክት መጣ። ማፒንግ ሞተሩ ኃይል የሚሰጥበት ቅንብር ነው። በቴሌቪዥን የሚከታተሉ ብዙዎች ግን «አሳልፈው» ማለት ነው ብለው ተረጎሙት። ሎሬንዞ መታጠፊያ ላይ ተንሸራቶ ከመስመሩ ሲወጣ ዶቪዚዮሶ አልፎት አሸነፈ። ሎሬንዞ መልእክቱን አላየሁም አለ።

ደጋፊዎቹ ሬዲዮ በሌለበት ውድድር የቡድኑ ድምፅ ይህ ነው፣ ለአደጋ ማስጠንቀቂያም ይጠቅማል ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ሞተረኛው በራሱ ይወስን ባዮች ናቸው። እኔን ቅር የሚያሰኘኝ ትእዛዙ አይደለም፤ ምክር መስሎ መምጣቱ ነው። (እኛስ ሞተር ለሚነዳ ልጃችን «የት ደረስክ?» የምንለው መቼ ነው?)

ከሁለት ሳምንት በኋላ በስፔን ቫሌንሲያ ማርኬዝ በ21 ነጥብ ይመራ ነበር። ዳሽቦርዱም፣ መካኒኮቹ ከመንገዱ ዳር ያነሱት ሰሌዳም ቢወተውቱት፣ ሎሬንዞ ቦታውን ለዶቪዚዮሶ አልለቀቀም። ሁለቱም ወደቁ፤ ዋንጫው የማርኬዝ ሆነ። ዶቪዚዮሶ ግን ጓደኛውን አልወቀሰም።