የወይን ተክል በቡታጅራ ጓሮ

የወይን ተክል በአውሮፓ አገሮች ብርዱ ሲበረታ ቅጠሉን አራግፎ ያንቀላፋል፤ ሙቀቱ ሲመለስም ያቆጠቁጣል። የተክሉን የሥራ ዘመን የሚወስነው እንግዲህ አየሩ ነው። ቡታጅራ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትገኝም ይህን የመሰለ ብርድ አታውቅም። በዚህ ስፍራ እንዳሻው የተተወ ወይን ዓመቱን ሙሉ ቅጠል ያወጣል፤ በአንዱ ሐረግ ላይም አበባ፣ ጥሬና የበሰለ ፍሬ አብረው ይታያሉ። እንዲህ ያለው ፍሬ በአንድነት ተለቅሞ ለጠጅ አይሆንም። ታዲያ ተክሉን በአንድ ጊዜ እንዲያፈራ የሚያደርገው ምንድን ነው?

መልሱ መግረዝ ነው። ያለፈው ዘመን ቅርንጫፍ ጥቂት እንቡጥ ብቻ ቀርቶለት ሲቆረጥ፣ ተክሉ ባንድነት አዲስ ቅርንጫፍ ይሰድዳል፤ አበባውም በዚሁ አዲስ ቅርንጫፍ ላይ ይወጣል። ከምድር ወገብ በስተደቡብ 9 ዲግሪ ገደማ ላይ በሚገኘው በብራዚል የሳን ፍራንሲስኮ ሸለቆ ገበሬዎች በመግረዝና በመስኖ ከአንድ ተክል በዓመት ሁለት ጊዜ ይለቅማሉ።

በቡታጅራ የመግረዣውን ቀን የሚወስነው ዝናቡ ነው። በክረምት የበሰለ ፍሬ ይሰነጠቃል፤ ሻጋታም ያገኘዋል። ከመግረዝ እስከ መልቀም እንደ ዝርያውና እንደ ሙቀቱ ከ4 እስከ 6 ወር ስለሚፈጅ፣ በመስከረም መጨረሻ የተገረዘው በየካቲት ገደማ ይደርሳል። ቀኑ የዘገየ እንደሆነ የበልጉ ዝናብ ይቀድማል። በበጋው ወራት ደግሞ ተክሉ ውኃ ይሻል፤ ስለዚህ ቤተሰቡ የሚተክለውን ሐረግ መቁጠር ያለበት በመሬቱ ስፋት ሳይሆን በጉድጓዱ ውኃ ነው።

ከቡታጅራ በስተምሥራቅ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በምትገኘው በዝዋይ (ባቱ)፣ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ወይን ተክሎ በ2006 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ጠጅ ለገበያ አቅርቧል። ይሁን እንጂ ዝዋይ ዝቅ ያለና ሞቃት ስፍራ ነው፤ ሐይቁም ቅርብ ነው። የኩባንያው ሥራ ለጓሮ ገበሬ እንዳለ የሚቀዳ ምሳሌ አይደለም።

ጠጅ ጥላ ለምታውቅ እመቤት የቀረው ሥራ እንግዳ አይሆንባትም። ማርንም ሆነ የወይን ጭማቂን የሚያፈላው ስኳሩን ወደ አልኮል የሚለውጠው እርሾ ነው። ልዩነቱ ወይኑ ውኃም ጌሾም አለመሻቱ ነው። በአንድ ሊትር ጭማቂ ውስጥ 17 ግራም ያህል ስኳር አንድ በመቶ አልኮል ይሰጣል፤ 200 ግራም ያለው ወደ 12 በመቶ ይደርሳል ማለት ነው። ቀይ ቀለሙ የሚገኘው ከልጣጩ ስለሆነ ቀይ ጠጅ ከልጣጩ ጋር ይፈላል። በወይራ የታጠነ ጋን ግን ጢስ ጢስ ያሰኘዋል። ፍላቱ ካበቃ በኋላም አየር የገባበት እንደሆነ ወደ ኮምጣጤ ይለወጣል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ የመሬቱ ነው። በጉራጌ ጓሮ ያለው እንሰት የቤተሰቡ ጎተራ ነው፤ በክፉ ቀን ይቆረጣል፤ ወይን ግን ረኃብ አያስታግሥም። 30 ሐረግ እያንዳንዱ 2 ኪሎ ቢያፈራ 60 ኪሎ ይሆናል፤ ከዚህም 40 ሊትር ያህል ጠጅ ይገኛል። ይህም ቢሆን ከተተከለ ሦስት ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። በብዙ ቤቶች አልኮል ስለማይጠጣ ፍሬው እንዳለ ሊሸጥ፣ ወይም ደርቆ ዘቢብ ሊሆን ይችላል፤ ዘቢብ ለቤተ ክርስቲያን ቅዳሴም ይፈለጋል።

በእኛ አስተያየት እንግዲህ ወይን በእንሰቱ ቦታ ሳይሆን በአጥሩ ዳር፣ በጥቂት ሐረግ ሊሞከር ይገባዋል። እንሰት እስኪደርስ ዓመታት መጠበቅን የለመደ ገበሬ ትዕግሥት አይጎድለውም፤ የሚያስፈልገው የመግረዣውን ቀን ማወቅና የበጋውን ውኃ ማዘጋጀት ነው።