ስለ ልብስ አጠባና እድፍን ስለ ማስለቀቅ

በኮኪትና በመተማ ቆላ ሙቀቱ ብርቱ ነው፤ ሰውም ብዙ ያልበዋልና ልብስን ቶሎ ቶሎ ማጠብ ይገባል። ነገር ግን እድፍ ሁሉ አንድ አይደለም፤ አንዱን የሚያስለቅቀው ውሃ ሌላውን ያጸናዋል።

በደም እድፍ ላይ ብዙ ሰው ሙቅ ውሃ ያፈስበታል። ይህ ስሕተት ነው፤ እንቁላል በፈላ ውሃ እንደሚረጋ፣ በደም ውስጥ ያለው ፕሮቲንም በሙቀት ረግቶ ከድሩ ጋር ይጣበቃልና። ስለዚህ ሳይደርቅ በቀዝቃዛ ውሃ መንከር፣ ኋላም በሳሙና ማሸት ነው። መምህራን ይህን ለልጃገረዶች ያለ ኀፍረት ያስተምሩ፤ በወር አበባዋ ጊዜ ቀሚሷ ያደፈባት ልጅ አፍራ ከትምህርት ልትቀር ትችላለችና። የወተትም እድፍ እንዲሁ ነው።

የሰሊጥ ዘይት ግን ለቀዝቃዛ ውሃ አይበገርም፤ ሳሙና ቀብቶ ጥቂት አቆይቶ በሙቅ ውሃ ማጠብ ይሻላል። የዋልካ ጭቃ ርጥብ ሳለ ቢያሹት ወደ ድሩ ይገባል፤ ደርቆ ከተራገፈ በኋላ ይታጠብ።

በደጋው አገር ሴቶች ከጥንት ጀምሮ በእንዶድ ፍሬ ያጥባሉ፤ እንደ ሳሙና ያረፋልና። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ቢያዩ፣ ተክሉ ብልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ገለጡ።

የዝገትን እድፍ ሎሚና ጨው ቀብቶ በፀሐይ ማስጣት ያስለቅቀዋል። በረኪና ግን ከሎሚም ሆነ ከኮምጣጤ ጋር ከቶ አይቀላቀል፤ ሳንባን የሚጎዳ መርዛም አየር ይወጣዋልና።