መምህሩ ማንን ይጠይቃል?

በክፍል ውስጥ አድልዎ የሚገለጠው በስድብ ብቻ አይደለም። መምህሩ ማንን ይጠይቃል? መልስ እስኪያገኝ ለማን ይታገሣል? በቀለሙ ወይም በቋንቋው የተለየ ልጅ ይህን ፈጥኖ ያስተውላል።

ሮዘንታልና ጃኮብሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1968 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። በአንድ ትምህርት ቤት 20 በመቶ ያህል ተማሪዎችን በዕጣ ለይተው፣ እነዚህ ፈጥነው እንደሚሻሻሉ ለመምህራኑ ነገሩ። ከዓመት በኋላ በተለይ በ1ኛና በ2ኛ ክፍል ዕጣ የወጣላቸው ልጆች በአእምሮ ፈተና በልጠው ተገኙ። የውጤቱ መጠን ቢያከራክርም፣ የመምህር ግምት አያያዙን እንደሚለውጥ ሌሎች ጥናቶችም አሳይተዋል። ግምቱ ከልጁ ዘር ሲነሣ ጉዳቱ በአንድ ወገን ላይ ይከማቻል።

ስለዚህ ሥልጠናው ምክር ብቻ መሆን የለበትም። በሎስ አንጀለስ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በተጀመረ ሥልጠና፣ መምህራን አንዱ በሌላው ክፍል ተቀምጠው ጎበዝና ደካማ ለተባሉት ልጆች የደረሰውን ጥያቄና ምስጋና ይቆጥሩ ነበር።

በየፕሮጀክታችንም ይህ ይቻላል። የስም ዝርዝር ያዙ፤ ልጅ በተጠየቀ ቁጥር በስሙ አጠገብ አንድ ጭረት አድርጉ። ከስሙ አጠገብ ባዶ የቀረው ማን ነው? ነገ ከእርሱ ጀምሩ።